መምህርት ነኝ፤ ለቤት ሠራተኝነት ጅዳ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የሐይቋ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ 11ኛ ዓመቴ ነው። የ6 ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የማሳድጋት ከእናቴ ጋር ነው። በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ልሄድ ፓስፖርት አውጥቻለሁ፣ ሥልጠናውንም ጨርሻለሁ። ማክሰኞ ደሴ የጤና ምርመራ አለብኝ። ውሉ የ2 ዓመት ነው፣ በወር 1,000 ሪያል። እዚህ ተቆራርጦ እጄ የሚገባው 12 ሺህ ብር ገደማ ነው። ሂሳቡን ማንም ይሠራዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲጠጋ ልጄ 2 ዓመቷ ነበር። አዝያት ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ከዚያ በአይሱዙ ተጭነን ደብረ ብርሃን ገባን። ስንመለስ የቤተ ሙከራው በር ተገንጥሏል። ሚዛኑ የለም። አሲዱ ወለሉ ላይ ፈሶ ሲሚንቶውን በልቶታል። ያኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። እውነቴን ነው፣ ያኔ ጉልበት ነበረኝ። ከባቲ ከርከዴ አስመጣሁና ቀቀልኩት። በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ በአንዱ ሎሚ ጨመቅኩ፣ በሌላው የአመድ ውሃ ጠብ አደረግኩ። አንዱ ደም መሰለ፣ ሌላው አረንጓዴ ሆነ። ልጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ጠረጴዛውን ከበቡት። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ “ቲቸር፣ ሁለቱ ቢቀላቀሉስ?” አለኝ። ብርጭቆውን ሰጠሁት፣ ራሱ ቀላቀለው።

ያ ልጅ 10ኛ ክፍልን አንደኛ ወጥቶ ጨረሰ። 11ኛ ክፍል፣ ኅዳር ላይ፣ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ባቲ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ፣ የጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ የመን። መንገዱን እኛ ጋ ሕፃን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ትምህርት ቤት መጡ። ማንበብ አይችሉም። የመን ላይ ልጁን የያዙት ሰዎች ብሩ የሚገባበትን የባንክ ቁጥር በስልክ እየነገሯቸው ነበር። “ልጄ፣ አንቺ ጻፊልኝ፣ እኔ ይጠፋብኛል” ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። ወረቀት ብፈልግ አጣሁ። የጠመኔ ካርቶን ቀድጄ ጀርባው ላይ ጻፍኩት። የሚነግረኝ ሰውዬ አማርኛው ጥርት ያለ ነው። እንዳልሳሳት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ከኋላው ልጁ ይጮሃል። እናቱ በሬያቸውን ሸጡ፣ መሬቱን ለኮንትራት ሰጡ፣ ከፈሉ።

ልጁ ተረፈ። ዛሬ ሳዑዲ ነው፣ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል። በበዓል በበዓል ይደውልልኛል። “ቲቸር፣ ብር ልላክልሽ?” ይለኛል። “አትሂድ፣ ተማር” ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዬ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ስጠይቅ “ነገ ነይ”፤ ስመላለስ “ለሻይ የሚሆን የለሽም?” ደመወዝ የሚዘገይበት ወር አለ። ሳንጠየቅ የሚቆረጥብን መዋጮ አለ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ የኔ ዘይትና የልጄ ጫማም አብረው ወጡ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። ከኔ ክፍል አንዲት ልጅ ብቻ አለፈች። የሌሎቹን ስም እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ጥር ክፍል ገብቼ እንደ ልማዴ “ተማሩ፣ ነገ…” ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ልጆቹ ያዩኛል፣ እኔም አያቸዋለሁ። ጠመኔውን አንስቼ ዝም ብዬ ቀመር መጻፍ ጀመርኩ። ለመሄድ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ድህነት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አያስፈራኝም። የማላምንበትን ለልጅ መንገር ነው ያቃተኝ።

ተምራችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። ልጅ ትቶ መሄድስ እንዴት ይቻላል?

—

ጅዳ ያለሁ የወልድያ ልጅ፦

እህትዓለም፣ አነበብኩሽ። እኔም ነርስ ነበርኩ፣ አሁን 5 ዓመቴ ነው። ጥያቄሽን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር፦ ኤጀንሲው ለቪዛና ለትኬት ብር ጠይቆሽ ከሆነ አትክፈዪ። በአዋጅ 923/2008 የቪዛውም የደርሶ መልሱም ትኬት ወጪ የአሠሪ ነው። ያንቺ ድርሻ ፓስፖርትና ምርመራ የመሳሰለው ነው። እኔ ሳላውቅ ከፍዬ የእናቴን ወርቅ ጨረስኩ።

ሁለተኛ፣ እጣሽ ያለው የምትገቢበት ቤት ውስጥ ነው። በመጋቢት 2013 እዚህ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ሲፈቀድ እኛን የቤት ሠራተኞችን አላካተቱንም። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ስልኬን ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ትቆልፍበት ነበር። 7 ወር ቻልኩት። የአሁኗ ደግሞ እናት ናት፣ ስታመም ሾርባ ሠርታ ያጠጣችኝ እሷ ናት። በር ሳይከፈት የትኛዋ እንደምትደርስሽ አታውቂም። የውሉንና የፓስፖርትሽን ፎቶ እናትሽ ጋ ተዪ። ለራስሽ ደግሞ ስልክ ቁጥሮችን ልብስሽ ስፌት ውስጥ ጽፈሽ ያዢ።

ስለ ልጅ ጠየቅሽ። ትቼው ስመጣ የኔ ልጅ 4 ዓመቱ ነበር። በቪዲዮ ሲያወራኝ እናቴን “እማ” ይላታል፣ እኔን “እትዬ” ይለኛል። ማንም አላስተማረውም። እህቶቼ እንደዚያ ሲጠሩኝ ሰምቶ ነው። አላርመውም፣ አልቻልኩም። የትምህርት ቤት ክፍያው ግን በዚህ በኔ እጅ ይከፈላል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ሂጂም ቅሪም አልልሽም። ከመጣሽ ግን በ2 ዓመት ውስጥ ምን ሠርተሽ እንደምትመለሺ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ነይ። ያልጻፍነው ነን እዚህ የቀረነው።

—

የኮምቦልቻው በያጅ፦

ሪያድ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። በኅዳር 2006 ከተጠረዙት አንዱ ነኝ። በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ ሰው በላይ ነው የተመለሰው። ቦሌ ስደርስ እጄ ላይ የነበረው አንድ ፌስታል ነው፣ ውስጡ ሽርጥና የልጅ ጫማ። 4 ዓመት የላክሁትን ብር ታላቅ ወንድሜ “ቤት ጀምሬልሃለሁ” ይለኝ ነበር። ሄጄ ሳየው ከመሠረት ድንጋይ በቀር ምንም የለም። ወንድሜን አልረገምኩትም፣ እሱም ልጆች ነበሩት። አንቺ ግን በራስሽ ስም ሒሳብ ክፈቺ፣ ለእናትሽ የወር አስቤዛ ብቻ ቁረጪላት። ይሄ ክፋት አይደለም።

በሕጋዊ መንገድ መሆኑ ደስ ብሎኛል። በሐምሌ 2017 መጨረሻ የመን ዳርቻ ጀልባ ሰጥማ በአስር የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ሲያልቁ እኛ ሰፈር ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ አልወጣልን አለ።

—

ጡረተኛው መምህር፣ ደሴ፦

ልጄ፣ እኔ አትሂጂ ባይ ነኝ። 37 ዓመት አስተምሬያለሁ። በ1977 ድርቅ ከ60 ልጆች 14 ቀርተውኝ ነበር፤ ለ14ቱም ስም እየጠራሁ አስተማርኩ። በረሃብ መሐል ስለ ነገ መንገር እኔም ይከብደኝ ነበር። ግን መምህር የሚያምነውን ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ የሚመኘውንም ይናገራል። ከርከዴ ቀቅለሽ ያሳየሽውን ልጆችሽ አይረሱትም። አንቺ ስትሄጂ ያን ክፍል ማን ይገባበታል? ቢያንስ ለማስተርስ ሞክሪ፣ እጅሽ ላይ ያለውን ሙያ ይዘሽ ውጪ። ለቤት ሠራተኝነት መሄድሽ ሥራው ስለሚያዋርድ አይደለም የሚያመኝ፤ አንቺን ያስተማረ አንድ ሰው ነበርና ነው።

—

የሐይቋ መምህርት፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች። ግን ፈቅደውልኝ አንድ ነገር ልበል። ለ14ቱ ስም ሲጠሩ ልጆቹ እርስዎን ያምኑ ነበር። የኔዎቹ የኔን ጫማ ያያሉ። ቆርቆሮ የለበሰውን ቤት በየቀኑ አልፈውት ይመጣሉ። ስመኝ ያዩኛል፣ ምኞቴ የት እንዳደረሰኝም ያዩታል። ማስተርሱን ሁለት ጊዜ ሞክሬ በምደባ ቀርቻለሁ።

ማክሰኞ ምርመራው ሄጄ ነበር፣ ደህና ነኝ ብለውኛል። ከዚያ ኤጀንሲው ገብቼ እስከ ሰኔ መጨረሻ አቆዩልኝ አልኳቸው፤ የ12ኛ ክፍል ልጆቼ እስኪፈተኑ። ቪዛው ሊያልፍብሽ ይችላል አሉኝ። ይለፍ፣ ሌላ ይፈለጋል። ዘንድሮ 31 ናቸው። መሐል ላይ ጥያቸው ወንበሬ እንደዚያ ልጅ ባዶ እንዲሆን አልፈልግም። ለትኬት ጠይቀውኝ የነበረውንም የአዋጁን ቁጥር ስጠራላቸው ተዉት።

የወልድያዋ እህቴ፣ “እትዬ” ያልሽው አላስተኛኝም። ልጄን አጠገቤ አድርጌ ወረቀቱን ጻፍኩት፦ የሷ ትምህርት፣ የእናቴ ዓይን ሕክምና፣ ደሴ ውስጥ ለልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት የምሰጥባት አንድ ክፍል ኪራይና ሚዛን። ከዚያ በላይ አንድም ነገር አልጨመርኩም። ውሉን ማታ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ ስልክ የሚለውን መስመር እይልኝ፣ አረብኛውና አማርኛው አንድ መሆኑን።