«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ማለፍ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። የካውንቲያችን የሲቪል ግራንድ ጁሪ (የአካባቢ መንግሥትን አሠራር የሚመረምር፣ በየዓመቱ የሚቀየር የነዋሪዎች ቡድን) የከተማችን የውሃ ቱቦዎች የጥገና መዝገብ በአግባቡ እንደማይያዝ ጽፎ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ግኝቱን «በከፊል አንቀበልም» ሲል፣ ምክረ ሐሳቡን ደግሞ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ብሎ አልፎታል። በመልሱ ውስጥ የጊዜ ገደብ የሚባል ነገር የለም። የምንጠጣው ውሃ ጉዳይ እኮ ነው! ይህ ይፈቀዳል?

መልስ 1፦ አይፈቀድም። በሌላ ካውንቲ የጁሪው አባል ሆኜ ስላገለገልኩ እንዲህ ያለ መልስ ሳነብ ደሜ ይፈላል። የካሊፎርኒያ የቅጣት ሕግ አንቀጽ 933.05 ለምክረ ሐሳብ የሚፈቅደው አራት ዓይነት መልስ ብቻ ነው፤ ተፈጽሟል፣ ይፈጸማል (ጊዜው ተጠቅሶ)፣ ይጠናል፣ ወይም አይፈጸምም (ምክንያቱ ተጠቅሶ)። «ይጠናል» ያለ አካል የጥናቱን ወሰንና ጊዜ መግለጽ አለበት፤ ጊዜውም ሪፖርቱ ከወጣ ከ6 ወር አይበልጥም። «በከፊል አንቀበልም» ያለም የማይቀበለውን ክፍል ለይቶ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙ ነዋሪ መልሱን ጭራሽ አለማንበቡ ነው፤ ባለሥልጣናቱም ይህን ያውቃሉ።

መልስ 2፦ ወንድሜ ያለው ትክክል ነው። ነገር ግን ጁሪው ምክረ ሐሳቡን በግድ ማስፈጸም አይችልም። ምክር ቤቶች በ90 ቀን፣ የተመረጡ የካውንቲ ሹማምንት በ60 ቀን ለፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ዳኛ መልስ ይሰጣሉ። አዲሱ ጁሪ ያለፈውን ሪፖርት መከታተል ስለሚችል፣ የጎደለውን ጠቅሰው ይጻፉለት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ፤ በሚቀጥለው የምክር ቤት ስብሰባም የአስተያየት ተራ ይዤ አንቀጹን አነብላቸዋለሁ።