ለሆረር ፊልም 10 የሄቪ ሜታል ዘፈን ማሰባሰብ፦ ፈቃዱ፣ ሚክሱና የአዳራሹ ድምፅ (ጅማ)

የአዌቱ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ የ92 ደቂቃ ሆረር ፊልም ኤዲት እየተደረገ ነው። ንግግሩ አማርኛና አፋን ኦሮሞ የተቀላቀለ ሲሆን ግማሹ ጅሬን አካባቢ፣ ቀሪው ቡና ጫካ ውስጥ የተቀረፀ ነው። ለማጀቢያ አዲስ ሙዚቃ አይሠራም፤ ከተለያዩ ባንዶች የተሰበሰበ 10 የሄቪ ሜታል ዘፈን ይገባበትና ኋላ ራሱን ችሎ አልበም ሆኖ ይወጣል። ሦስት ነገር ቸግሯል። ፈቃድ የሚጠየቀው ማን ነው? ዘፈኑ ከንግግር ጋር ሲገጥም ተዋናዩ የሚለው አይሰማም። አንዱ ዘፈን ጆሮ ይበጥሳል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ምርቃቱ ሲኒማ ቤት ሳይሆን በኪራይ አዳራሽ፣ በሞንታርቦ ነው። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ።

ውል ይቅደም

ወረቀቱን ሳትጨርሱ ሚክስ አትጀምሩ። አንድ ዘፈን ሁለት ባለቤት አለው። ዜማና ግጥሙ የደራሲው ወይም የአሳታሚው ነው፤ የተቀረፀው ድምፅ ደግሞ ቀረፃውን ያሠራው ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሙዚቃ ኩባንያው። ከምስል ጋር ለማያያዝ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፈቅዶ ሌላው ዝም ካለ ዘፈኑ የላችሁም። «እኛው እንጫወተዋለን» ቢባል የቀረፃው ፈቃድ ይቀራል እንጂ የዜማው አይቀርም። «ከ30 ሰከንድ በታች ነፃ ነው» የሚባለውም የመንደር ወሬ ነው።

እኛ አገር አዋጁ 410/1996 ነው፣ በ872/2007 ተሻሽሏል። ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሥራው ይጠበቃል። የዘውጉ መነሻ የሚባለው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከሜታል ውስጥ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ የሚነሳ ዘፈን አትፈልጉ።

ስለዚህ ትልልቆቹን ባንዶች ተዉአቸው፤ መልስ እንኳ አይመጣም። ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ያስቀረፁ ባንዶች ዘንድ ሁለቱም መብት በአንድ እጅ ስለሆነ በአንድ ኢሜይል ይጨረሳል። ሩቅ መሄድም የለም። ቦትስዋና ውስጥ ስኪንፍሊንትና ኦቨርትረስት፣ ናይሮቢ ውስጥ ዱማ አሉ። ጃኖ ባንድን የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም፤ ግን ሮክ ነው፣ ከሜታል ጋር በአንድ ዝርዝር ሲገባ ልዝብ ይሆናል።

ውሉ ላይ የሚጻፈው፦ የዘፈኑ ስምና የትኛው ቅጂ እንደሆነ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚገባ፣ በየት አገር፣ ለስንት ዓመት፣ በምን በምን (አዳራሽ፣ ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ)፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ። የአልበሙ መብት ለብቻው ይጠየቅ። ለፊልሙ የተፈቀደ ዘፈን ለአልበም አልተፈቀደም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባንዱ አራት ሰው ሆኖ አራቱም በጋራ ከጻፉት ድምፃዊው ብቻውን ቢፈርም አይበቃም።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር። ለአሥሩም እኩል ዋጋ አቅርቡና «ለአንዱ ከጨመርን ለሁሉም እንጨምራለን» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ያኔ አንዱ ባንድ የሌላውን ዋጋ እየሰማ አይከራከርም። ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ ለፌስቲቫልና ለምርቃት ብቻ ተፈራረሙ፤ ሥርጭት ሲገኝ የሚጨመረው ዋጋ ግን ያኔውኑ ይጻፍ። ፊልሙ ከተወደደ በኋላ የሚደረግ ድርድር ውድ ነው።

ፌደር

ከላይ ያለው ወንድማችን ወረቀቱን ጨርሶታል፣ እኔ ወደ ድምፁ ልግባ።

ንግግር የማይሰማው ዘፈኑ ስለጮኸ ብቻ አይደለም። ዲስቶርሽን ያለው (ድምፁ ሆን ተብሎ የተሻከረ) ጊታር ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን ቦታ ሞልቶ ይይዘዋል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ደግሞ የሚለዩት እዚያው አካባቢ በምትሰማ አጭር ፍንጥቂ ነው። ፍንጥቂዋ ስትሸፈን «ልጁ ጠፋ» የሚለው «ልጁ ተፋ» ይሆንና ሰው መደንገጥ ባለበት ቦታ ይስቃል። አፋን ኦሮሞውም ያው ነው፣ ከጸ በቀር እነዚህ ድምፆች እዚያም አሉ። ስለዚህ የሙዚቃውን ፌደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ብቻ ማውረድ ግማሽ መፍትሔ ነው። ጊታሩ ላይ በ3 ኪሎኸርዝ ዙሪያ ሰፋ ያለ ቅነሳ፣ 3 ወይም 4 ዲሲቤል፣ ንግግር ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ይሁን። ዳይናሚክ ኢኪው (ሌላ ድምፅ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ የድምፅ ቀለም ማስተካከያ) ካላችሁ ከንግግሩ ትራክ ጋር አገናኙት፤ ከሌላችሁ በእጅ አውቶሜት አድርጉ፣ 92 ደቂቃ ውስጥ ንግግርና ሙዚቃ የሚደራረብበት ቦታ ያን ያህል አይበዛም።

ይህ የሚሆነው ግን ስቴም ሲኖር ነው። ከባንዶቹ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታርና ድምፃዊ ተለያይተው እንዲላኩ ጠይቁ፤ ያ ካልሆነ ቢያንስ ድምፃዊ የሌለበትን ቅጂ። ሰው በሚናገርበት ላይ ሌላ ሰው በጉሮሮ ሲያጓራ የትኛውም ኢኪው አያድንም።

የከፍታው ልዩነት፦ የሜታል ማስተር (ለመውጣት የተጠናቀቀው ቅጂ) ብዙ ጊዜ −7 ወይም −8 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ መጠን መለኪያ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይጮኻል) ላይ ተጨፍልቆ ነው የሚመጣው፣ የቆየ ቀረፃ ደግሞ −14 አካባቢ ሊሆን ይችላል። በጆሮ አትገምቱ፣ ሚተር አስገቡና እያንዳንዱን ለኩት። ንግግራችሁ በአማካይ −24 ላይ ከተቀመጠ፣ ከሥሩ የሚሄደው ሙዚቃ ከ12 እስከ 15 ዝቅ ይበል፣ ማለትም −36 እስከ −39። ዘፈኑ ብቻውን የሚነግሥበት ቦታ −16 ድረስ ይውጣ። አስሉት፤ የ−7 ማስተር ከንግግር ሥር ለመግባት 30 ዲሲቤል ያህል መውረድ አለበት። ተጨፍልቆ የመጣ ዘፈን ያን ያህል ሲወርድ ደግሞ ምቱ ስለሞተ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። በጅማ ክረምት ተመልካቹ እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም። ስለዚህ ማስተር ያልተደረገውን ሚክስ ለምኑ።

ጸጥታም ገንዘብ ነው። ተመልካቹን ለማስደንገጥ ሙዚቃውን እስከ ጩኸቱ ድረስ ማስኬድ የተለመደ ስህተት ነው። ከድንጋጤው በፊት ከ38 እስከ 50 ፍሬም (አንድ ሰከንድ ተኩልና ሁለት ሰከንድ) ባዶ ተዉ። ሲቆረጥ ቀጥ ብሎ አይቆረጥ፣ «ጠቅ» ይላል፤ 2 ፍሬም ፌድ ይበቃዋል፣ የሲምባሉ ጭራ ግን ይቆይ።

የአዌቱ ማዶ

ሁለታችሁንም እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ተጨመረ። አንድ ባንድ የላከው 4 ደቂቃ የነበረ ዘፈን ታይምላይን ላይ 3 ደቂቃ ከ40 ሆነ፣ ድምፃዊውም ቀጠነ። ሌላው፣ ዘፈኑ መጀመሪያ ከባጃጅ ሬዲዮ እንዲሰማና ቀስ በቀስ ሙሉውን አዳራሽ እንዲሞላ የሚፈለግበት ትዕይንት አለ። በኢኪው ተሞክሯል፣ ሐሰት ይመስላል።

ፌደር

የመጀመሪያው የ44.1 ኪሎኸርዝ ፋይል ሳይቀየር እንደ 48 ሲነበብ የሚመጣ ነው። 240 ሰከንድ 220.5 ይሆናል፣ ድምፁም የጊታር አንድ ፍሬት ተኩል ያህል ይቀጥናል። ሶፍትዌሩ ውስጥ አትጎትቱት፤ ፋይሉን ወደ 48 ኮንቨርት አድርጋችሁ እንደገና አስገቡ። አደገኛው ትንሹ ስህተት ነው። በ24 ፍሬም የተሠራ ነገር ወደ 25 ሲፈጥን 4 በመቶ ብቻ ስለሆነ ማንም አይነቃበትም፣ የጊታሩ ቅኝት ግን ከሌላው ዘፈን ጋር አይገናኝም።

የባጃጁን በኢኪው አትልፉ። ዘፈኑን በእውነተኛ የባጃጅ ስፒከር አጫውቱና አንድ ሜትር ርቃችሁ፣ ሸራው እንዳለ፣ ቅረፁት። ያ ትራክ ከላይ፣ ንጹሑ ከሥር፣ ሁለቱ ፍሬም በፍሬም ተገጣጥመው ይሂዱ፤ ከዚያ በ6 ወይም 8 ሰከንድ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግሩ። ካልተገጣጠሙ መሸጋገሪያው ላይ ድምፁ ቦይ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀረፅ፤ የሞተሩን ድምፅ ለብቻ ውሰዱ።

ዝቅ ያለ ገመድ

ስለ ምርጫው ማንም አላነሳምና እኔ ልናገር። 10 ሙሉ ዘፈን ለ92 ደቂቃ ይበዛል። 4 ወይም 5 ፊት ለፊት ይሰሙ፣ ሁለቱ ከሬዲዮና ከስልክ ይምጡ፣ አንዱ መጨረሻው ጽሑፍ ላይ፤ የቀሩት አልበሙ ላይ ይግቡ። ጠቅላላው ሜታል ከሆነ ፊልሙ ክሊፕ ይሆናል፣ ሰው መፍራቱን ይረሳል።

ፍጥነቱን በፍሬም ምረጡ። በ25 ፍሬም 125 ምት በደቂቃ ማለት እያንዳንዱ ምት ልክ 12 ፍሬም ነው፤ 100 ምት 15 ፍሬም፣ 150 ምት 10 ፍሬም። 120 ግን 12 ተኩል ስለሚመጣ በየሁለተኛው ምት ላይ ቅንጣቢ እየዘገየ ኤዲተሩን ያናድደዋል። ይህ ዘፈኑን አስተካክሉ ማለት አይደለም፤ ሁለት ተቀራራቢ ምርጫ ሲኖራችሁ የትኛው እንደሚቀል ለማወቅ ነው።

ከአሥሩ አንዱን ወይም ሁለቱን እዚያው ከተማ ካሉ ጊታሪስቶች ጋር አዲስ አሠሩ፤ የፈቃዱም ጣጣ ያንሳል። የሜታል አስፈሪነት የሚመጣው ከግማሽ ድምፅና ከትራይቶን (የስድስት ፍሬት ርቀት) ነው፤ ሁለቱም አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ተቀምጠው አሉ። ስድስተኛውን ገመድ ወደ ሬ ዝቅ አድርጉና (73 ኸርዝ ገደማ) አንቺሆዬን ከዚያ ጀምሩ። ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ሶል፣ ላ ቤሞል፣ ሲ። ጣት የሚያርፈው ባዶው ላይ፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 9ኛ ፍሬት ላይ ነው፤ በዚህ ቅኝት ታችኞቹን ሦስት ገመዶች በአንድ ጣት ስትይዙ ፓወር ኮርድ (የሜታል ወፍራሙ ኮርድ) ይሆናል። ባዶውን ገመድ እየደበደባችሁ 1ኛና 6ኛ ላይ ብቻ ተመላለሱ። ከየትም ያልተኮረጀ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመታ የጊታር ሐረግ) ይወጣል፣ አድማጩም ሳያውቀው የሚያውቀው ነገር ይሆንበታል። ክራርንም በጊታር ፔዳል ማሳለፍ ይቻላል፤ ጌኑ ግን ከግማሽ አይለፍ፣ ከዚያ በላይ ማይኩ ያፏጫል።

በገናን ግን አትንኩት። እንዚራው (ከገመዱ ሥር የሚገባው ቆዳ) የሚሰጠው የሚነዝር ድምፅ ከዲስቶርሽን ጋር ልክ እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ለዚያም ነው ሁሉም የሚፈተነው። የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ሆረር ላይ ሲሰማ ተመልካቹ ስለ ፊልሙ ማሰብ አቁሞ ስለ እናንተ ማሰብ ይጀምራል።

ሞንታርቦ 15

በበገናው እስማማለሁ፣ ልጨምርበትም። ውጭ በተቀረፀ ንግግር ሥር አዛን ወይም ቅዳሴ ሾልኮ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ጅማ ውስጥ አለመግባቱ ነው የሚገርመው። ሜታል ከላዩ ከመደረቡ በፊት እያንዳንዱን ክሊፕ በሄድፎን አዳምጡ። ካለ ንግግሩ በድጋሚ ይቀረፅ። በሥሩ የጫካ ድምፅ ከፈለጋችሁ የጉሬዛን የንጋት ጩኸት ቅረፁ፤ ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ከሪፍ በፊት ሲገባ ጊታሩ የጀመረ ይመስላል።

አሁን አዳራሹ። የቆርቆሮ ጣሪያና ባዶ ግድግዳ ያለው አዳራሽ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ያህል ሊያንከራትት ይችላል። በ180 ምት ዳብል ኪክ (በሁለት እግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ሲመታ በሰከንድ 12 ምት ነው፣ በመካከላቸው 83 ሚሊሰከንድ። አንዱ ሳይጠፋ ሃያ ይደራረባል፤ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ። ስለዚህ ለምርቃቱ ትልልቆቹ ትዕይንቶች ላይ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው ዱም የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ፈጣኖቹን ለአልበሙ አቆዩአቸው።

15 ኢንች ሞንታርቦ ያለ ሰብ (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ከ50 ኸርዝ በታች ብዙም የለውም። ኪኩን ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ ትንሽ አንሡት፣ ከ40 በታች ያለውን ቁረጡት፤ አምፕሊፋየሩን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ግራና ቀኝ ብላችሁ የሠራችሁትን ደግሞ ባለሙያው አንድ ገመድ ሰክቶ ሞኖ ሊያደርገው ይችላል። ሚክሱን ሞኖ አድርጋችሁ ስሙ። ሁለት ጊዜ ተጫውቶ ግራና ቀኝ የተቀመጠ ጊታር አይጎዳም፤ አንዱን ቀረፃ በ15 ሚሊሰከንድ በማዘግየት ሰፊ እንዲመስል የተደረገ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ የሚመጣውን እምምታ ላፕቶፑን ከቻርጀር በመንቀል ፈትሹ። ከጠፋ ችግሩ ግራውንድ ነው፤ ዲአይ ቦክስ (በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) አስገቡና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ማብሪያ ተጫኑ። የኃይል ገመዱን የግራውንድ እግር ግን በፍጹም አትቁረጡ፣ ሰው ይገድላል።

የአዌቱ ማዶ

ግልጽ ነው። የመጨረሻ፦ ለአልበሙ ማስተር ስንት ይሁን? ቅደም ተከተሉስ እንደ ፊልሙ?

ፌደር

−10 እስከ −12፣ ትሩ ፒክ (ድምፁ የሚደርስበት ጣሪያ) −1። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ወደ −14 ስለሚያወርዱት ከዚያ በላይ መጨፍለቁ ትርፍ የለውም። ግን መጀመሪያ ቀለሙን አስተካክሉ፦ የቆየው ቀረፃ ቤዙ ሳስቶ ሲምባሉ ይወጋል፣ የአሁኑ ደግሞ ሆዱ ያብጣል፤ ሁለቱ ሳይቀራረቡ በቁጥር ቢመጣጠኑም ጆሮ አይቀበለውም። ለሲዲ 44.1 በ16 ቢት፣ ለፊልሙ 48 በ24 ቢት እንደሆነ ይቆይ።

ቅደም ተከተሉ እንደ ፊልሙ መሆን የለበትም። ተመሳሳይ ቅኝት ያላቸውን ሦስት ዘፈን አታከታትሉ፣ አንድ ዘፈን ይመስላሉ። ዱሙን አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ አድርጉት፣ ከሱ በኋላ 3 ሰከንድ ክፍተት፣ ከሌሎቹ በኋላ 2።

ውል ይቅደም

ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ ፈቃድ እያላችሁም የይገባኛል ጥያቄ ይመጣል፤ ማሽን ነው የሚልከው። ቻናላችሁን አስቀድመው ነፃ እንዲያደርጉ ለእያንዳንዱ ባንድ አከፋፋይ ሊንኩን ላኩ፣ የተፈረመውን ውል ደግሞ በፒዲኤፍ አዘጋጁ። የእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያና መውጫ ሰዓት፣ ደራሲ፣ ርዝመት፣ ከበስተኋላ ነው ወይስ ከሬዲዮ የሚሰማ የሚለውን በአንድ ሠንጠረዥ ያዙ። ኤዲት በተቀየረ ቁጥር ሠንጠረዡም ይቀየር፤ ውሉ ላይ 40 ሰከንድ ተብሎ ፊልሙ ላይ 55 ከሆነ ባንዱ ቆጥሮ ያገኘዋል።