ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ደመወዜን ለልጅ ጠባቂ ላውለው?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት መሥራት ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆኖኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወለድኩ በኋላ የተሰጠኝ የ90 ቀን ፈቃድ በመጪው ወር የሚያበቃ ሲሆን፣ ልጄን ለማን ትቼ እንደምመለስ አላወቅኩም። የተጣራ ደመወዜ 13,000 ብር ነው፤ ሞግዚት ከምግብና ከማደሪያ ሌላ 6,000 ብር ስትጠይቅ፣ በሰፈራችን ያለው የሕፃናት ማቆያ ደግሞ 8,500 ብር ያስከፍላል፤ ያውም እስከ 11 ሰዓት ብቻ፣ እኔ ከሥራ የምወጣው ግን 11 ሰዓት ተኩል ነው። ትራንስፖርትና የዱቄት ወተት ሲታከልበት የሚተርፈኝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ባለቤቴ ሥራውን እንድተው ይመክረኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የዛሬው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ስለሚያስፈልግ፣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ማቋረጡ ይከብደኛል። እናቴ ከደብረ ማርቆስ «ልጁን ላኪልኝ» ትለኛለች፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ከጉያዬ ለመለየት ግን አንጀቴ አልቻለም።

በተመሳሳይ ሁኔታ ያለፋችሁ፣ በተለይም ከጎረቤት እናቶች ጋር አንዲት ሞግዚት በጋራ ቀጥራችሁ የምታውቁ፣ ክፍያውንና ኃላፊነቱን እንዴት እንደተከፋፈላችሁ፣ እንዲሁም አሠሪያችሁ የሥራ ሰዓት እንዲያሸጋሽግላችሁ በምን መልኩ እንደጠየቃችሁ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።