ለሜካፕ አዲስ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦ እህቴ ለዳግማይ ትንሣኤ ልታገባ ነው፤ ሚዜዋ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ቢሆንም እስከ ዛሬ ፊቴ የሚያውቀው ቫዝሊንና ኩል ብቻ ነው። በ3,000 ብር መጀመሪያ ምን ልግዛ? መርካቶ ይሻላል ቦሌ? ቆዳዬ ጠይምና ወዛም ነው።

የሳሪሷ፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንዲት ደንበኛ አለችኝ፤ ከእሷ ውጪ አልገዛም። ዓይንሽን ጨፍነሽ የሰጠችሽን ውሰጂ።

ባለ አልበሟ፦ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የገዛሁት! በወንድሜ ሠርግ ዋዜማ አንዲት ባለ ሱቅ በአምፖል ብርሃን ፋውንዴሽን (የፊትን ቀለም አንድ የሚያደርገውን ቅባት) እጄ ላይ ቀባችና «ልክ የአንቺ ቀለም ነው» አለችኝ። ጠዋት ስወጣ አንገቴ ጠይም፣ ፊቴ አመድ! አክስቴ ግንባሬን ዳስሳ «አሞሻል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። አልበሙን እስከ ዛሬ ለእንግዳ አናወጣም። ልመልሰው ብሄድ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ።

ፒያሳ፦ ሱቁ የት ነው? ንገሪንና እንጠንቀቅ።

ባለ አልበሟ፦ ስም አልጠራም። ባለቤቷ ጎረቤታችን ናት፤ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው።

የሳሪሷ፦ ደንበኛዬን ለመንካት ከሆነ ተሳስተሻል። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእሷ ገዝቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ፊቴ ሽፍ ብሎብኛል፤ እሱም ከምግብ ነው።

ፒያሳ፦ አዎ፣ ሽሮው ሳይሆን አይቀርም።

አባወራው፦ 3,000 ብር ተቀብቶ ማታ በሳሙና ታጥቦ ሊሄድ! እኛ ቤት ይህ የዘይት ገንዘብ ነው።

እንሶስላ፦ ወንድሜ፣ የተጠየቀው ሜካፕ ነው፤ ዘይት ሲጠየቅ እንጠራሃለን።

ጀማሪዋ፣ ሥራዬ ሙሽራ ማስዋብ ስለሆነ ከሱቁ በፊት ዘዴውን ልንገርሽ። ፋውንዴሽን እጅ ላይ አይሞከርም፤ እጅና ፊት አንድ ቀለም አይደሉም። መንጋጋሽ ላይ ትንሽ አስነክተሽ ደጅ ውጪና በቀን ብርሃን እዪው። ጥቂት ደቂቃም ጠብቂ፤ አንዳንዱ ሲደርቅ ይጠቁራል። ከአንገትሽ ጋር ተዋህዶ ከጠፋ ልክሽ ነው። ጠይም ፊት ላይ አመድ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ የነጣው ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላው ነው። ስለዚህ የባለ አልበሟ ዕቃ ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ የሳተው ቀለሙ ነው።

ገንዘቡ ካልበቃሽ ፋውንዴሽኑን ተይው። የቅንድብ እርሳስ፣ ማስካራ (የሽፋሽፍት ቀለም)፣ ሊፕስቲክና ለወዙ ትንሽ ፓውደር ለጀማሪ ይበቃሉ። ማስካራ ከተከፈተ ከሦስት ወር በኋላ ይጣላል፤ ለእህትሽም ቢሆን አታውሺ። በዱቄት የሚሸጠው ኩል እርሳስ ሊኖርበት ይችላል (የምንጽፍበትን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው)። ሱቅ ገብተሽ «ቆዳ ያጠራል» ብለው የሚያወጡልሽን ክሬም ደግሞ አትንኪ፤ ሜርኩሪ የተገኘባቸው ብዙ ናቸው። ከሠርጉ ሳምንት ቀደም ብለሽ ሁሉንም ተቀቢና በፍላሽ ፎቶ ተነሺ፤ መስታወት የደበቀውን ነጭ ፓውደር ፍላሽ ያጋልጠዋል።

ባለ አልበሟ፦ ይህን የዛሬ ሦስት ዓመት የነገረኝ ቢኖር!

ሜሪላንድ፦ ፌንቲ የሚባለው የሜካፕ ብራንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀምር ፋውንዴሽኑን በ40 ቀለም ነው ያወጣው፤ የእኛ አይጠፋበትም። በሚቀጥለው ወር ስለምመጣ ላመጣልሽ እችላለሁ።

ፒያሳ፦ እህቴ፣ ስንት ኪሎ ቦታ አለሽ? የእናቴ መነጽር እዚያ ተሠርቶ ተቀምጧል።

አባወራው፦ እኔም አንድ ጫማ ነበረችኝ፤ ቀላል ናት።

የሳሪሷ፦ ፌንቲም ደንበኛዬ ዘንድ አለ።

ባለ አልበሟ፦ በአምፖል ብርሃን?

ሃያ ሁለት፦ ለሚዜ ከፊቱ በፊት ጸጉሩ ነው። እኛ ሰፈር ሹሩባ የምትሠራ አንዲት እናት አሉ፤ እጃቸው ቀላል ነው፣ ራስ አያሳምምም።

ጀማሪዋ፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሃያ ሁለት፣ እኚህ እናት እሑድ ይሠራሉ?