የሕፃናት የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ ይከልከል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሰጥ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥ።

ደጋፊ፣ ፋርማሲስት፦ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ እነዚህ ሽሮፖች አያድኑትም፤ በአንጻሩ ልጁን ሊያደነዝዙት፣ የልብ ምቱንም ሊያፋጥኑት ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ አሳስቧል፤ አምራቾቹም በዚያው ዓመት ከ4 ዓመት በታች ላሉት እንዳይሰጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አክለዋል።

ተቃዋሚ፣ እናት፦ ስለ ሽሮፑ የተባለውን አልክድም። የሚያሰጋኝ ከክልከላው በኋላ የሚመጣው ነው። ልጁ ሲያስለው ያደረ ወላጅ ማዘዣ የለህም ተብሎ ቢመለስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ለራሱ የታዘዘለትን ክኒን ገምሶ፣ በማንኪያ ጀርባ ደቁሶ፣ በውኃ በጥብጦ ያጠጣዋል።

ፋርማሲስት፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን አንዳንድ የጉንፋን ሽሮፖች የትኩሳት ማስታገሻው ፓራሲታሞል አላቸው። ወላጅ ይህን ሳያስተውል የትኩሳት ሽሮፕ ሲደርብበት ልጁ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ይወስዳል፤ ይህም ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

ነርስ፦ ሁለታችሁም የተከራከራችሁት ስለ ማዘዣው ነው፤ እኔ ግን ማዘዣ የያዙ ወላጆችም ሲሳሳቱ አያለሁ፣ ስህተቱም የሚፈጠረው ልኬቱ ላይ ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘው ሽሮፕ 5 ሚሊሊትር ቢሰጠው ልክ ነው፤ በ1 ሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ከያዘው ጠብታ ያንኑ 5 ሚሊሊትር ቢሰጠው ግን 500 ሚሊግራም ወሰደ ማለት ነው። የመድኃኒቱ ስም አንድ ሆኖ ሳለ ጥንካሬው በጠርሙሱ ይለያያል። የቤት ማንኪያ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይተካከልም። ስለዚህ ሕግ የሚወጣ ከሆነ፣ በሚሊሊትር የተሰመረ ሲሪንጅ አብሮት ያልታሸገ የልጆች ሽሮፕ አይሸጥ የሚል ይሁን።

እናት፦ ይህን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ለልጃችን የትኩሳት መድኃኒት ሰጥቶት ተኛ፤ እኔም ሳላውቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደገምኩለት። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ወስደነው ደኅና ነው ተባልን፤ ድንጋጤው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይጽፋል፤ 4 ሰዓት ሳይሞላ ማንም አይደግምም፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። ለትንንሾቹ የሳል ሽሮፕ ይከልከል ቢባል እስማማለሁ፤ የትኩሳት ማስታገሻው ግን በማዘዣ ብቻ ይሸጥ አትበሉ።

ፋርማሲስት፦ በዚህ እንስማማለን፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።