እናቴን ለማሞግራም ጠሯት፤ እውነት ሕይወት ያድናል?

ከለንደን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 52 ዓመቷ ነው፤ እዚህ ከመጣች ገና ነው። ሰሞኑን ከኤን ኤች ኤስ (ከመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ለማሞግራም፣ ማለትም ለጡት ራጅ፣ የሚጠራ ደብዳቤ ደረሳት። «ሳያመኝ ሐኪም ቤት ምን ልሠራ? የተኛ በሽታ አትቀስቅሱብኝ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔም ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ ያድናል ይላል፣ ሌላው ከንቱ ልፋት ነው ይላል። በሙያው ያላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ።

ከሊድስ፦
እህቴ፣ ነርስ ነኝ። ያድናል፤ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም።

በ2012 በማይክል ማርሞት የተመራ ገለልተኛ ቡድን እዚሁ ዩኬ ውስጥ ጥናቶቹን አገላብጦ ነበር። ለምርመራ የተጠሩ ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል አለ። ይሄ ሲሰሙት ትልቅ ነው። በሰው ቁጥር ስታዪው ግን እንዲህ ነው፦ 10,000 ሴቶች ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለ20 ዓመት ቢጠሩ 43ቱ በጡት ካንሰር ከመሞት ይተርፋሉ። 129ኙ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ምንም የማያደርጋቸው ካንሰር ተገኝቶባቸው ይታከማሉ። አንዷ ስትድን ሦስቱ በከንቱ ይታከማሉ ማለት ነው።

«ካንሰር ተገኝቶ እንዴት ከንቱ ይባላል?» ትዪኝ ይሆናል። አንዳንዱ የወተት ቱቦ ውስጥ እንዳለ የሚቀር ነው። አንዳንዱ ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ሴትየዋ በሌላ ምክንያት እስክታልፍ ድረስ አይታወቅም። ችግሩ ሐኪሙ የትኛው እንደሚብስ አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይችልም። ስለዚህ አብዛኛዎቹ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል፤ ብዙዎቹ ጨረሩም ይጨመርላቸዋል። «ማሞግራም አተረፈኝ» የምትል ሴት እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። እሷም እኛም አናውቅም።

ከቶሮንቶ፦
ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ካናዳ ወደ 90,000 ሴቶችን ይዞ ለ25 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2014 ውጤቱ ወጥቷል። ማሞግራም በተነሱትና ባልተነሱት መካከል በጡት ካንሰር የመሞት ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት የስዊስ ሕክምና ቦርድ አዲስ የማሞግራም ፕሮግራም አትጀምሩ አለ። ታዲያ እናቷን ለምን እናስጨንቃለን?

ከሊድስ፦
ወንድሜ፣ ያልከው ልክ ነው። ግን የካናዳው ጥናት ላይ ከ50 ዓመት በላይ የነበሩት ሴቶች ማሞግራም ያልደረሳቸውም ቢሆኑ በየዓመቱ በባለሙያ እጅ ይመረመሩ ነበር። በዚያ ላይ የራጁ ጥራት ብዙ ተተችቷል። ስዊድን ውስጥ በ1977 በሁለት ክፍለ ግዛቶች የተጀመረው ጥናት ደግሞ በጡት ካንሰር መሞት በ30 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል።

የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ የድሮ ናቸው። ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ያን ጊዜ አልነበሩም። ሕክምናው በተሻለ ቁጥር የምርመራው ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። ኖርዌይ ላይ በ2010 የወጣ ጥናት ሞት ከቀነሰው ውስጥ የምርመራው ድርሻ ሲሶ ገደማ ብቻ ነው ብሏል። ቢሆንም ሲሶም ሲሶ ነው፤ እኔ የራሴን እናት እልክ ነበር።

አንቺ ለእናትሽ የሚሆነውን ንገሪያቸው። ራጁን የምታነሳው ሴት ናት፤ ይሄ ብዙ እናቶቻችንን ያረጋጋል። ከወገብ በላይ ይወልቃል። ጡቱ በሁለት ሳህን መሳይ ነገሮች መሀል ተጨምቆ ይያዛል፣ ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት ሁለት ጊዜ። ያማል፤ ግን ለጥቂት ሰከንድ ነው። ያን ቀን ዲዮድራንት አይቀቡ፣ ራጁ ላይ ነጥብ ይመስላል። መልሰው ቢጠሯቸውም አትደንግጡ። ከ100 ሴት 4 ያህሉ ይጠራሉ፣ ከተጠሩት ደግሞ ከአራቷ ሦስቷ ካንሰር የለባቸውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የወጣቶቹ ነገር ነው። ደብዳቤው ምንም ላልተሰማት ሴት ነው። የ35 ዓመት ልጅ እብጠት ዳብሳ «50 ሲሞላኝ ይጠሩኛል» ብላ ስትቀመጥ አይቻለሁ። አገራችን ውስጥ ብዙዎቹ በለጋ ዕድሜ ነው የሚታመሙት፤ ሐኪም ቤት የሚደርሱትም በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ወደ ውስጥ የገባ ቆዳ ካያችሁ በቀጥታ ጂፒ (የቤተሰብ ሐኪማችሁ) ጋ ሂዱ። በቅርብ ማሞግራም ተነስታችሁ ቢሆንም እንኳ፤ እዚህ የሚጠሩት በየሦስት ዓመቱ ነው፣ በመሀሉ ሊመጣ ይችላል።

ከለንደን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጠሮው ግን እናቴ ሥራ የምትገባበት ቀን ላይ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ 55 ሆናት፣ አንድም ደብዳቤ አልመጣላትም።

ከሊድስ፦
ደብዳቤው ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውይና ቀን አስቀይሪ፣ በዚያው አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋቸው ንገሪ። ጎረቤታችሁን ጂፒ መመዝገቧን ጠይቂያት፤ ስም የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው። ቤት ቀይራ አድራሻዋን ካላስተካከለች ደብዳቤው የድሮ ቤቷ ሄዶ ይሆናል።