የሂሉክሴን የዘይት ቋት ድንጋይ መታው፤ የትኛውን ልግጠም?

የሽንሌ መንገደኛ
ሰላም ድሬዎች። አሮጌ ሂሉክስ አለኝ። ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ፊቱ ድፍን አክስልና ባሌስትራ ያለው። ከሽንሌ ወዲያ ላሉ መንደሮች የከብት መኖና መድኃኒት አደርሳለሁ። አስፋልት የለም፤ ደረቅ ወንዝ ለወንዝ ነው የምሄደው። ባለፈው ሳምንት አሸዋ የሸፈነው ድንጋይ የሞተሩን ዘይት ቋት ከሥር መታው። አልተበሳም፤ ወደ ውስጥ ጎደጎደ እንጂ። ትናንት ግን ከሐረር ስመለስ፣ ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ የዘይት መብራቷ ብልጭ አለች። ለካሁት፤ ዘይቱ ሙሉ ነው።

ሁለት ምርጫ አለኝ። አንድ ሱቅ ከሁለት ጎማ ነጂ ሂሉክስ የወረደ ኦሪጅናል ቋት አለው፤ «ሞተሩ አንድ ስለሆነ ይገጥማል» አለኝ። አንድ በያጅ ደግሞ በ4 ሚሊሜትር ብረት ጠለቅ አድርጌ ልሥራልህ ብሏል። ልቤ ወደ በያጁ ነው። ምን ትላላችሁ? መኪናዋ ከቆመች ቤቴም ይቆማል።

የመጋላ ልጅ
አቦ አሉሚኒየም ፈልግ! ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፣ አይዝግም። የድሬን ሐሩር ታውቀዋለህ።

የድሮው ወርክሾፕ
ልጄ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አታስነሣ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ከበራ፣ ፓምፑ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ዘይት ካጣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) ለመበላት ብዙ ጊዜ አይፈልግም።

እኔ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ናፍጣ ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት። ሰው ሁሉ ስለ ብረቱ ውፍረት ይጠይቀኛል። ዋናው ግን ክፍተቱ ነው። ቋቱ ውስጥ የፓምፑ መምጠጫ አለ፣ አፉ ላይ ወንፊት ያለው። ከወንፊቱ እስከ ቋቱ ወለል ያለው ክፍተት 1 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ ወለሉን ሲገፋው ወንፊቱ ታፈነ ማለት ነው።

የሁለት ጎማ ነጂውን ተወው። ሞተሩ አንድ ቢሆንም የቋቱ ቅርጽ ሌላ ነው። ያንተው የተቀረጸው የፊት አክስሉ ሲወጣና ሲወርድ ቦታ እንዲያገኝ ነው። ያኛውን ገጥመህ ጉድጓድ ስትገባ፣ ድንጋይ ሳይሆን የገዛ አክስልህ ይመታዋል።

የመጋላው ልጅ ስለ ሙቀት ያለው እውነት ነው። ግን ብረት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ አሉሚኒየም ይሰነጠቃል። አንተ በምትሄድበት በረሃ ዘይትህን አሸዋ ጠጣው ማለት ነው። ለመበየድም የአርጎን ጋዝ ብየዳ ያስፈልጋል፤ ዘይት የጠገበ አሉሚኒየም ደግሞ ብየዳ በደንብ አይዝም።

የበያጁ ሐሳብ ክፋቱ ውፍረቱ አይደለም፣ ጥልቀቱ ነው። ቋቱን ወደ ድንጋዩ ያስጠጋዋል። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው ከንፈርም በብየዳ ሙቀት ይጣመማል። ደግሞ ውስጥ ያለችውን ከፋፋይ ላሜራ ብዙ በያጅ ይረሳታል። ፍሬን ስትይዝ ዘይቱ ወደ ፊት እንዳይሸሽ የምትይዘው እሷ ናት።

የኔ ምክር ይህ ነው። የራስህን ቋት አውርደው። ከውስጥ እንጨት አስደግፈህ ቀስ እያልክ አቅናው። ከንፈሩን መስታወት ላይ ዘርግተህ እይ፤ ብርሃን ካሳለፈ ገና ነው። ከውጭ ጠመኔ ቀባው፤ ነጭ ጋዝ ሞልተህ አሳድረው። ስንጥቅ ካለ ጠመኔው ላይ ረጥቦ ታየዋለህ። ከዚያ ከወንፊቱ ትይዩ ባለው ወለል ላይ ጠንከር ያለ ሊጥ አስቀምጥ፤ ቋቱን ግጠመውና መልሰህ አውርደው። የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት ክፍተትህ ነው። ስንት እንደሆነ ንገረኝ። ሊጡን ጠርገህ ማውጣት እንዳትረሳ!

ያን 4 ሚሊሜትር ብረት ከቋቱ ሥር ለሚታሰር መከላከያ አውለው። ሞተር በተቀመጠበት የሞተር ጎማ (ላስቲክ) ላይ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ መከላከያው ሻንሲው ላይ ይታሰር። ከቋቱ ሦስት ጣት ይራቅ። ዘይት ማፍሰሻው ትይዩ ቀዳዳ ይኑረው።

የሽንሌ መንገደኛ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ዛሬ አወረድነው። ሊጡ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነበር! ከንፈሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። አቅንተን ደግመን ስንለካ 9 ሆነ። ነጭ ጋዙ ውስጡ እያደረ ነው። ቡሎኖቹን ምን ያህል ላጥብቃቸው?

የድሮው ወርክሾፕ
9 ጥሩ ነው። ትናንሽ ቡሎኖች ናቸው፤ በረጅም መፍቻ አትታገላቸው። ከመሃል ጀምረህ ግራና ቀኝ እያፈራረቅክ፣ በሁለት ዙር። ከንፈሩን የምታሽግበትን ሲሊኮን ቀጭን አድርገው፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ ወንፊቱን ይደፍናል። ሳይደርቅ ዘይት አትሙላ። ወንፊቱንስ አጠብከው?